የቀጠነው ቀለም

ዱሬሳ የቀለም ባልዲውን ከቀለም ቤቱ ደጃፍ ላይ ዱብ አደረገና፣ ንግስቲን እንዳላያት ሆኖ አልፎ ለአባቷ ብቻ ተናገረ።

«ጋሽ አምባዬ፣ ልጅዎ ቀለሙ ላይ ውሃ ጨምራበታለች።»

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ ቢነገርም ጎረቤት ይሰማዋል። ከአጠገባቸው ካለው ብረታ ብረት ቤት ይሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቀጥ አለ። ዱሬሳ ከተክለ ሃይማኖት ከፍ ብሎ ያለውን የሰርግ አዳራሽ የሚቀባ ቀለም ቀቢ ነው፤ ከአምባዬ ቤት ቀለም ሌላ ነክቶ አያውቅም። ሰርጉ እሑድ ነው፣ ዛሬ ዓርብ። ትናንት ቀብቶት የሄደው ግድግዳ ደግሞ ጠዋት ሲመለስ ቀለሙ እየተንጠባጠበ እስከ ወለሉ ወርዶ ደርቋል።

አምባዬ መነጽራቸውን አወለቁ። የሽማግሌው ቁጣ ድምፅ የለውም፤ የሚያስፈራውም ለዚሁ ነው። በየባልዲው ላይ የታተመው የእሳቸው ስም ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እየሰሙ ያደጉ ሰው ናቸው።

«ውሃ ጨምረሽ ከሆነ» አሉ፣ «ከዛሬ ወዲያ ቀለም የምንበጠብጥበትን በርሜል አትነኪም። ልጄም ብትሆኚ።»

ንግስቲ ኬሚስትሪ ተምራ ስትመረቅ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ካለ ቢሮ የመጣላትን ሥራ ትታ የቀረችው ለዚህ በርሜል ብላ ነው። ብትነጠቀው ሌላ የምትፈልገው ነገር የላትም። ቢሆንም የባሰ ያናደዳት ሌባ መባሏ ነበር። ጣቷን ባልዲው ውስጥ ነክራ አነሳችው። ቀለሙ እንደ ወተት ጠብ ጠብ አለ። ደህናው ቢሆን ከጣቷ እየተሳበ፣ እየተለጠጠ ነበር የሚወርደው።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለች። «ዱሬሳ፣ እስከ ከሰዓት ጊዜ አለህ?»

«ጊዜማ አንቺው በላሽው።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና ዓይንህን ከእጄ ላይ አታንሳ።»

ጥግ ላይ የቆመውን አዲሱን ማደባለቂያ ማሽን አየችው። አባቷን ለምና ያስገዛችው እሷ ናት፤ ሁለት ሰው ሲያማስል የሚውልበትን ሥራ በቅጽበት ይጨርሳል ብላ። የአዳራሹ ቀለም የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ቀለሙ ከማሽኑ ሲወጣ ቀጥኖ እንደነበር አሁን ትዝ አላት። አይታዋለች እኮ! ግን ቀለም ሲማሰል መቅጠኑ፣ ሲያርፍ ተመልሶ መወፈሩ ያለ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለችና ንቃ አለፈችው። አንዳንዴ ሰውን የሚያዘናጋው አለማወቁ ሳይሆን ማወቁ ነው።

አዲስ ቀለም በእጇ በጠበጠች። ውሃውን ለክቶ የጨመረው ዱሬሳ ራሱ ነው። የማወፈሪያውን ዱቄት እየነሰነሰች ላብ በላብ እስክትሆን አማሰለችና ቀለሙን ለሁለት ባልዲ ከፈለችው። አንዱን ተወችው፤ ሌላውን ማሽኑ ሥር አስገብታ በሙሉ ኃይሉ ለቀቀችው። አምባዬ ጆሯቸውን ያዙ።

ማሽኑ ሲቆም ዱሬሳ አጎንብሶ አየ። «ቀጠነ። ተማስሎ ነዋ፣ ይረፍ።»

«ይረፍ» አለች ንግስቲ። «እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የተታለልኩት።»

ሦስቱም ምሳቸውን በሉ፤ ዱሬሳ ከነኩርፊያው በላ። ሲነሱ ንግስቲ ከሁለቱም ባልዲ እየጨለፈች ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ቀባች። በእጅ የተማሰለው ብሩሹ ሥር ለስልሶ ሄደ፤ ብሩሹ ሲነሳ ግን ባለበት ረጋ። ማሽን የገባው ወዲያው ቁልቁል መንጠባጠብ ጀመረ። ዱሬሳ ጠጋ ብሎ የሚንጠባጠበውን በጣቱ ነካ።

«ውሃው ያው፣ ዱቄቱም ያው» አሉ አምባዬ። «ታዲያ ምን ነካው?»

«አባዬ፣ ማወፈሪያው ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች እንደ ጠጉር ረጃጅም ናቸው። ዝም ብለው ሲቀመጡ ይንጨባረራሉ፤ ቀለሙን ደግፎ የሚይዘው መጠላለፋቸው ነው። ብሩሹ ሲጎትታቸው እንደተበጠረ ጠጉር ወደ አንድ በኩል ይተኛሉ፤ ቀለሙም ይለሰልሳል። ሲያርፉ ደግሞ ተመልሰው ይጠላለፋሉ። ማሽኑ ግን አላበጠራቸውም፣ ቆራረጣቸው። የተቆረጠ ጠጉር ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢያርፍ አይጠላለፍም።»

አምባዬ ሳያስቡት መላጣቸውን ዳበሱ። ዱሬሳ ሳቁ አመለጠው።

«ውሃ አልጨመርኩም» አለች ንግስቲ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ማሽኑን ያስገዛሁህ ግን እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ማሽኑን አንጥለውም፤ ቀለሙን የሚያነጣውን ነጩን ዱቄት ውሃው ውስጥ ለመበተን የሚያክለው የለም። ማወፈሪያው ከዚያ በኋላ ይገባል፤ እሱን በእጃችን በቀስታ እናማስለዋለን። የአዳራሹን ቀለም እስከ ማታ አደርሳለሁ።»

ፈቃድ አልጠየቀችም። እጅጌዋን ሰብስባ ማማሰያውን አነሳች።

አመሻሹ ላይ ባልዲዎቹ ደጃፉ ላይ ተደርድረው ነበር። ዱሬሳ አንዱን ብድግ አድርጎ ክብደቱን መዘነና፣ እንደለመደው ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሽ አምባዬ፣ ከመቀባቴ በፊት ምን ያህል ይረፍ?»

አምባዬ መልሱን ዕድሜ ልካቸውን ያውቁታል። መነጽራቸውን መወልወላቸውን ሳያቋርጡ፣

«በርሜሉ የእሷ ነው» አሉ፣ «እሷን ጠይቃት።»