ዋንዛው ላይ ያለው ቀፎ

ከዲጃ ክፉ ወሬ ሳይደርስ ቀድማ የምታለቅስ ሴት ናት እየተባለች ትታማለች። ያን ዕለት ማለዳ ግን ወሬው ቀደማት። ባሏ ሻፊ ጫማውን እያሰረ፣ ፊቷን ሳያይ ነገራት።

«ዛሬ አውሮፕላን ከጅማ ይመጣል። ዳሪሙን ሊደበድብ ነው።»

ዳሪሙ ውስጥ ልጃቸው ዘህራ አለች፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። የእግር መንገዱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ የጣሊያን ኬላም ማንንም አያሳልፍም።

«በዚህ ጉም? ጎረቤት እንኳ አይታይም!»

«አውሮፕላኑ ጆሮ አለው። ጀርባው ላይ የብረት ቀለበት አለ። የእኛ ሬዲዮ ሳያቋርጥ ሲጮኽ፣ ቀለበቱን እያዞረ ድምፁን ተከትሎ ይመጣል። እዚህ መቱ አናታችን ላይ ከደረሰ ደቂቃ እየቆጠረ ወደ ዳሪሙ ይታጠፋል። እዚያ ቆላ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል።»

ሬዲዮውን የሚያስጮኸው ደግሞ እሱ ራሱ ነበር። ጣሊያኖቹ ሱቁን አዘግተው፣ እንደ ብስክሌት በእግር የሚዘወር የኤሌክትሪክ ማመንጫ ላይ ካስቀመጡት ዓመት አልፎታል።

«እግርህን አቁመዋ፣ የዘህራ አባት!»

«እኔን ይሰቅሉና ሌላ ሰው ያስረግጣሉ» ብሎ ወጣ።

ከዲጃ የባሏንም የልጇንም ከፈን በልቧ ሰፋች። ድንገት ዋንዛው ትዝ አላት። የሬዲዮው ሽቦ የተወጠረው የጣሊያኖቹ ጦር ሰፈር ውስጥ ባለው ዋንዛ ላይ ነው፤ እዚያው ላይ የሽማግሌው የአራርሳ ቀፎ ተሰቅሏል። ሮጠች።

«ኦቦ አራርሳ፣ ማሩን ዛሬ ይቁረጡልኝ!»

«እሺ፣ ሲመሽ።»

«አሁን!»

«አብደሻል? ማር በቀን ይቆረጣል? ንቡ አገር ይፈጃል!»

«አውሮፕላን እየመጣ ነው። ዘህራ ዳሪሙ ናት።»

አራርሳ ገመዱን አነሳ። ንቡን በጭስ የሚያበርድበትን ችቦ ግን ትቶት ወጣ።

የጦር ሰፈሩ በር ላይ አስተርጓሚው አብደታ ከጣሊያኑ መቶ አለቃ ጋር ቆሟል። የያዮ ልጅ ነው፤ ማር ቆራጮች ያሳደጉት።

«እትዬ ከዲጃ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በቀን?»

«ለመቶ አለቃው... ትኩስ ማር ነው።»

አብደታ ሽቦውን አየ፤ ዋንዛውን አየ። ዞሮ ለመቶ አለቃው በጣሊያንኛ ተናገረ። ምን እንዳለው አላወቀችም፤ አለቀልን ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ጣሊያኑ ከንፈሩን እየላሰ በእጁ ግቡ ይላል።

አራርሳ ጋቢውን ተከናንቦ ዋንዛው ላይ ወጣ። ከሬዲዮው ድንኳን የማያቋርጥ ቀጭን ጩኸት ይሰማል፤ ከጉሙ በላይ ደግሞ የሞተር ድምፅ ቀረበ። ሽማግሌው ቀፎውን ከፈተ።

ንቡ እንደ ጥቁር ውሃ ወረደ። ሬዲዮ ሠራተኛው ማዳመጫውን ጥሎ ሮጠ፤ ሻፊ ፊቱን ሸፍኖ ተከተለው። ወታደሮቹ፣ የኬላው ጠባቂዎችም ሳይቀሩ፣ እየጮኹ ወደ ወንዙ ነጎዱ። የሬዲዮው ጩኸት ተቋረጠ።

አውሮፕላኑ ከላይ አንድ ጊዜ አለፈ። ተመለሰ። በር እንደጠፋበት ዕውር ሲዞር ቆየና ድምፁ ወደ ጅማ እየራቀ ጠፋ።

ሻፊ አንድ ዓይኑ አብጦ አጥር ሥር አገኛት።

«በንብ ምክንያት ማንንም አይሰቅሉም» አላት። «ሄዷል፤ በቃ ተረጋጊ።»

«ነገ ይመለሳል።»

«ይመለስ ይሆናል።»

ከዲጃ ግን ሻሿን አጥብቃ አስራ ተነስታ ነበር። ኬላው ባዶ ነው፤ ጠባቂዎቹ እስከ አንገታቸው ወንዝ ውስጥ ናቸው። ዘህራን ከዚያ ልታወጣ የዳሪሙን መንገድ ስትይዝ፣ መንገድ ላይ ያለው የወንዝ መሻገሪያ ሞልቶ ቢሆንስ እያለች ትሮጥ ነበር።