በግራ በኩል

ኦርቪል ሩሽካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የልጆችን ክንድ ሲያቃና የኖረ ሰው ነው። በዚያ የቴክሳስ ጥጥ አገር፣ አርብ ማታ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሕዝቡ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ በሚጎርፍበት አገር፣ ኳስ አልወረወር ያለው ልጅ መጨረሻው እሱ ዘንድ ነበር። «ክንድ እንደ በር ማጠፊያ ነው» ይላል። «ይዝጋል፣ ይጣመማል፤ የማይቃና ግን የለም።» ብዙ ጊዜም እንዳለው ይሆንለታል።

ስለዚህ የዴልተን ቫሼክ ጨዋታ ሲበላሽ ሩሽካ እምብዛም አልደነገጠም። ዴልተን የቡድኑ ኳርተርባክ ነው፤ ኳሱን ከመሃል ተቀብሎ፣ ሊጥሉት ከሚንደረደሩት ግዙፎች እያመለጠ፣ ወደፊት ለሚሮጡት ጓደኞቹ የሚወረውረው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት የወረወረው ሁሉ እጅ ላይ ነበር የሚያርፈው። ዘንድሮ ግን መስከረም ላይ አንድ ግጥሚያ ውስጥ ክፉኛ ወድቆ ከተነሳ ወዲህ፣ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተበላሸበት። በቀኝ በኩል ሲወረውር ደህና ነው። በግራ በኩል የሚወረውረውን ግን ወይ መሬት ይበላዋል፣ ወይ ባላጋራ ይቀልበዋል።

ፀጉር ቤት ውስጥ «ይሄ ልጅ ቄስ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ወዳጅ ጠላት ሳይል ለሁሉም እኩል ያድላል» እየተባለ ተሳቀ። የከብት መኖ ነጋዴው ደግሞ በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ «ዴልተን፣ የኛ ማሊያ ቀዩ ነው» ብሎ ጻፈ።

ሰኞ ጠዋት ዋናው አሰልጣኝ ትሪፕሌት ሩሽካን ቢሮው ጠራው። ትሪፕሌት ገና አርባ ያልሞላው፣ ድምፁ ከአካሉ የሚገዝፍ ሰው ነው።

«የዚህ ሳምንት አርብ እረፍት ነን። የሚቀጥለው አርብ ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ» አለ። «እስከዚያ ካላቃናኸው ኳሱን ለተጠባባቂው፣ ለሚኬስካ ልጅ እሰጣለሁ።»

«የሚኬስካ ልጅ እኮ ቆማ የምታመነዥክ ላም በድንጋይ አይመታም።»

«ላሚቱም ግን ድንጋዩን አትቀማውም» አለ ትሪፕሌት፣ ሳይስቅ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሥራ ተጀመረ። ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ካለው ትልቅ የፒካን ዛፍ ላይ ሩሽካ አሮጌ ጎማ በገመድ አንጠልጥሎ፣ ዴልተንን በቀን ሁለት መቶ ጊዜ በቀዳዳው ውስጥ ያስወረውረው ጀመር። ልጁ አላጉረመረመም። እግርህን እዚህ ሲሉት እዚህ፣ ክርንህን ከፍ ሲሉት ከፍ ነው። ሩሽካ እንዲህ ያለ ታዛዥ ተማሪ ገጥሞት አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዴልተን ወደ ግራ ለማየት አንገቱን ከነትከሻው ያዞራል፤ በጠባብ መስኮት አንገቱን አውጥቶ መንገድ እንደሚያይ ሰው።

«አንገትህን ምን ነካህ?»

«ትራሴ ነው፣ አሰልጣኝ። ሳይመቸኝ አደረ።»

ረቡዕ ዕለት ከሩጫ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ አስመለሰው። ሙቀቱ ነው ተባለ፤ እውነትም ያን ሰሞን ሙቀቱ ጥጡን ሳይቀር ያቃጥል ነበር። አርብ ደግሞ ሩሽካን «አቶ ዶልዛል» ብሎ ጠራው። ዶልዛል የሂሳብ አስተማሪው ነው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ዴልተንም አብሮ ሳቀ፣ ግን ትንሽ ዘግይቶ። ሩሽካ ድካም ነው ብሎ አለፈው። እያንዳንዷ ነገር ምክንያት ነበራት፤ ሰው ደግሞ ምክንያት ካገኘ አይፈራም።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ መላው ተገኘለት።

«ስማ፣ አትይ!» አለው። «ማየትህ ነው የሚያዘገይህ። ቁጠር። በግራ የሚሮጠው ልጅ ሦስት ስትቆጥር አሥራ አምስተኛው መስመር ላይ ይደርሳል። እየው አልልህም፣ እዚያ አለ! ቁጥሩን እመንና ወርውር።»

ዴልተን ቆጠረ፤ ወረወረ። ኳሱ በግራ የሚሮጠው ልጅ ደረት ላይ አረፈ። ደገመው። አሁንም አረፈ። ማክሰኞ ከሃያ አሥራ ስምንቱን አገኘ፤ ረቡዕ ሃያውንም። ትሪፕሌት ከአጥሩ ላይ ሆኖ ሲያይ ቆይቶ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ጠንቋይ ነህ እንዴ?» አለ። ሩሽካ ሆዱ በደስታ ሞላ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ለምን እንደሆነ አላወቀም።

ሐሙስ ልምምዱ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ፣ ዴልተን ብቻውን ዛፉ ሥር ቀረ። ሩሽካ የውሃ ኮዳ ይዞ በልጁ ግራ በኩል ሄደና አቀበለው። ልጁ አልተቀበለም። ሩሽካ ኮዳውን ወደ ፊቱ አቀረበው፤ አሁንም ዝም። ትከሻው ላይ እጁን ሲያሳርፍበት ዴልተን እባብ እንደነካው ሰው ዘለለ።

ሩሽካ ኮዳውን መሬት አስቀመጠ። ልጁ ፊት ለፊት እንዲያይ ነግሮት፣ በግራው በኩል ሁለት ጣቱን አነሳ።

«ስንት ነው?»

«ምኑ ስንት ነው?»

ነፋስ የለም፣ ግን ጎማው ከመጨረሻው ውርወራ ገና እየተወዛወዘ ነበር። ዴልተን ነገሩ ገባው። አጎነበሰ።

«ቀስ እያለ ነው የመጣው፣ አሰልጣኝ» አለ። «መጀመሪያ ጥላ ነገር ነበር። አሁን ግማሹ የለም። ራሴንም ያመኛል፣ ጠዋት ጠዋት።»

«ለእናትህ ነገርካት?»

«ለማንም አልነገርኩም። ነገን ብቻ ልጫወት። አባዬ ከነዳጅ ጉድጓዱ ሥራው እረፍት ወስዶ ሊያየኝ ይመጣል፣ በሁለት ወሩ። ቅዳሜ ራሴ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ በእግዜር እምላለሁ። ደግሞ እኮ ተሻሽያለሁ! እርስዎ ራስዎ አይተዋል፣ ሃያ ከሃያ!»

ሩሽካ እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። «ውሃህን ጠጣና ቤትህ ግባ» ብቻ አለው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ብዙ ተቀመጠ። አንድ ቀን ምን ያመጣል አለ ለራሱ። ምናልባት ዓይኑ ደክሞ ይሆናል። መነጽር ይሆናል የሚያስፈልገው። እያወቀ እንዳላወቀ ሆነ።

አርብ ማታ ዴልተን እንደዚያ ወርውሮ አያውቅም ነበር። እስከ እረፍት ድረስ ሦስት ጊዜ ነጥብ ያስቆጠረ ኳስ ላከ፤ ሁለቱ በግራ በኩል። ሕዝቡ የብረቱን ወንበር በእግሩ እየደበደበ ስሙን ጠራ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያላጨበጨበው ሩሽካ ብቻ ነበር። ከሩቅ የልጁ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታየዋል። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ከእረፍት በኋላ ኳሱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጀመር፣ አንድ ግዙፍ ተከላካይ በግራ በኩል መጣ። ከሜዳው ዳር ያለ ሰው ሁሉ አየው። ዴልተን ራሱን እንኳ አላዞረም። የራስ ቁሩ መሬት ሲመታ ድምፁ እስከ ሩሽካ ደረሰ። ልጁ ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፤ ከዚያም ሄዶ የባላጋራ ልጆች መካከል ቆመ። ሕዝቡ ሳቀ።

ሩሽካ ትሪፕሌትን ክንዱን ያዘው። «አውጣው! ልጁ በግራ በኩል አያይም።»

«ሦስት ኳስ እንዲህ የወረወረ ልጅ አያይም ትለኛለህ?»

«በቁጥር ነው! እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«ሂድ ቁጭ በል፣ ሩሽካ። ሙቀቱ አናትህ ላይ ወጥቷል።»

ሩሽካ አልተቀመጠም። ጨዋታው እንደገና ሊጀመር ሲል መስመሩን አልፎ ሜዳው መሃል ገባ። ፊሽካ ተነፋ፤ ዳኞቹ ቢጫውን የቅጣት ጨርቃቸውን ወረወሩ። ሩሽካ የዴልተንን እጅ ያዘ።

«ና፣ ልጄ። በቃ።»

«እሺ ብለውኝ ነበር እኮ!» አለ ዴልተን፤ ምላሱ ተይዟል። «ትናንት እሺ ብለውኝ!»

እየጎተተ አወጣው። ከላይ ጩኸትና ስድብ፣ በበረዶ የተሞላ የመጠጥ ኩባያ ሳይቀር ዘነበባቸው። መስመሩን እንዳለፉ የልጁ ግራ እግር ከዳው። ተንበረከከ፤ ከዚያም በፊቱ ተደፋ። ያኔ ነው ሜዳው ጸጥ ያለው።

ሌሊቱን በትልቁ ከተማ የራስ ቅሉን ከፍተው ደም አወጡለት። ሐኪሙ ሩሽካም ባለበት ለአባትና ለእናቱ ነገራቸው። አብዛኛው ደም የወር ያህል ዕድሜ ያለው ነው፤ ቀስ እያለ ሲጠራቀም የኖረ። የቀረው ግን የዚያው ምሽት ነው፤ የባሰውን ጉዳት ያደረሰውም እሱ ነው።

ዴልተን ተረፈ። በኅዳር መጨረሻ ቤቱ ገባ። የግራ በኩል እይታው አልተመለሰም፤ ሲናገርም ቃል ፍለጋ ይቆማል። ከተማው በበኩሉ ወሬውን ገለበጠ። በረዶ የወረወሩት ሰዎች ሩሽካን መንገድ ላይ እያስቆሙ እጁን ጨበጡት። ትሪፕሌት በሰው ፊት «ልጁን ያተረፈው ይህ ሰው ነው» አለ። ሩሽካ አላስተባበለም፤ አጎንብሶ እያለፈ ሳምንታት ሄዱ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አግነስ ቫሼክ፣ የዴልተን እናት፣ ፕሪም የተሞላ ዳቦ በሳህን ይዛ በሩን አንኳኳች።

«ምን እንደምል አላውቅም፣ አሰልጣኝ» አለች ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። «እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ልጄን ቀብሬው ነበር።»

ሩሽካ ዳቦውን አየ። አሁንም እንፋሎት ነበረው።

«ሐሙስ አውቄ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«እንደማያይ። ጣቴን አንስቼ አሳየሁት። አላየውም። ነግሮኛል፣ ራሱንም እንደሚያመው ነግሮኛል። ዝም አልኩ።»

አግነስ ወንበሩን ይዛ ቆመች። 

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ላይ?»

«አሥራ አንድ ተኩል ግድም።»

«አሥራ አንድ ተኩል» አለች። «እኔ ቤት ነበርኩ። ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ አተር ስፈለፍል ነበር።»

አልጮኸችም፤ አልረገመችውም። ሳህኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ ጨርቁን መልሳ አለበሰችውና በመጣችበት በር ወጣች። ሩሽካ መኪናዋ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ሲርቅ ሰማ። ይቅርታ ሊላት የጀመረው ቃል ገና አፉ ውስጥ ነበር።