የሳቬሪዮ አንገት

ኮሲሞ ሞቃቱን ፎጣ ከፊቱ ላይ አነሳና አገጩን በጣቶቹ ዳበሰ። ሠላሳ ቀን ምላጭ ያልነካው ጢም ነው፤ በሙቀቱ ለስልሶ ተኝቷል። ወዴት እንደተኛ ግን አያውቅም።

የከተማውን ወንድ ሁሉ ፊት እጁ ያውቀዋል። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ፀጉር ጉንጩ ላይ ይጠመዘዛል፤ የቄሱ ከከንፈራቸው በታች ወደ ጎን ይሸሻል። ምላጩ መጀመሪያ ፀጉሩ ወደተኛበት፣ ቀጥሎ በጎን፣ ሽቅብ ግን ቆዳው ለሚችል ብቻ። አርባ ዓመት የሠራው እንዲህ ነው። የራሱን ፊት ግን አንድም ቀን ላጭቶ አያውቅም። ሰኞ ሱቅ ሲዘጋ፣ ሐሙስ ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ሌላው የከተማው ፀጉር አስተካካይ ሳቬሪዮ ከአደባባዩ ማዶ ይመጣና ይላጨዋል፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። አርባውንም ዓመት እንዲህ ኖሩ። የኮሲሞን ልጅ ክርስትና ያነሳውም ሳቬሪዮ ነበር።

ሳቬሪዮ በጥቅምት ሞተ። ሐዘንተኛ ሠላሳ ቀን አይላጭም፤ ኮሲሞም አልተላጨም። ዛሬ የሠላሳው ቀን ቅዳሴ ነው። ዛሬ ፊቱን ገልጦ መግባት አለበት፤ ያውም በራሱ እጅ። ልጁ ከቶሪኖ ደውላ፣ «አባዬ፣ ታች ካለው ከተማ ወርደህ ተላጭ፤ ካልሆነም ማሽን ግዛ» ብላው ነበር። ሳቬሪዮ ይነካው የነበረውን ፊት ለማያውቀው እጅ መስጠት አልሆነለትም።

አረፋውን ቀባ። ጉንጩን በቀስታ አወረደ፤ ደህና ሄደለት። አንገቱ ላይ ሲደርስ እጁ ሳይጠይቀው ከጉሮሮው ሥር ተነስቶ ሽቅብ ወጣ። አቃጠለው። አረፋው ላይ ቀይ መስመር ታየ።

በሩ ተከፈተ። የሳቬሪዮ ሚስት ኢማኮላታ ጥቁሯን እንደለበሰች ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጎራ አለች።

«አበልጅ፣ ደወሉ ሊደወል ነው እኮ! ውይ፣ ፀጉር ቆራጭ ነህ ወይስ ሥጋ ሻጭ?»

«እጄ ሳተ።»

ጠጋ ብላ አንገቱን አየች። ፈገግታዋ ጠፋ።

«አልሳተም። እዚህ ጋ ሽቅብ የሚላጨው እሱ ነው። አንተ የላጨኸው የሳቬሪዮን አንገት ነው።»

ኮሲሞ ምላጩን አስቀመጠ።

«የኔስ? ቤት ውስጥ ስለኔ ፊት ያወራ ነበር?»

«ስለ ሥራ? እሱ እራት ላይ የሚያወራው ስለ ቲማቲሙ ነው። አንዴ ብቻ፣ ‹ኮሲሞ ስላጨው ያንኮራፋል› ብሎኛል።»

«ውሸቱን ነው!»

«ታዲያ አሁን ማን ይመስክርልህ?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ፊት ወንበር ላይ ቦታ እይዝልሃለሁ። ሙሉም ሁን ጎዶሎ፣ ና።»

ስትወጣ አረፋውን አጠበ። ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ፣ እንደ አዲስ ደንበኛ ቀስ ብሎ ወረደ። ከጆሮው ሥር ፀጉሩ በሰያፍ ወደ ጉሮሮው ይሄዳል። ዝቅ ሲል ወደ ኋላ ይመለሳል። ከግራ መንጋጋው በታች ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አዙሪት አለች። ሳቬሪዮ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ወሬውን ያቋርጥ ነበር። ኮሲሞ እስከ ዛሬ ቃል የጠፋበት ይመስለው ነበር።

ጣቱን እዚያው እንዳደረገ ብዙ ቆየ።

ከዚያ እንደገና አረፋ ቀባ። ደወሉ ተደወለ፤ አልቸኮለም። ከጆሮው በሰያፍ አወረደ። አዙሪቷ ጋ ሲደርስ ቆዳውን ወጠረና ምላጩን አራት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ እየሳበ ዞራት። አልደማም። በባዶው ሱቅ ውስጥ የሚሰማው የምላጩ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሲጨርስ ፀጉር የተንሳፈፈበትን ውኃ ደጅ አፈሰሰ። ሳህኑን አለቅልቆ ደፋውና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።