በሃምሳው የጾመችው ልጅ

ቄስ ገነነ በሬዎቹን እንደጠመዱ ጥለው ሮጡ። ሠላሳ ዓመት ሲያርሱ በሬ ከነቀንበሩ ትተው የሄዱበት ቀን የለም። ጎረቤታቸው መልካሙ ከማዶ ሆኖ "አባ! ኧረ በሬዎቹ!" እያለ ሲጮህ እንኳ ዞር አላሉም።

ያስሮጠቻቸው የእህታቸው ልጅ ያምሮት ናት። ከማሳው ዳር ቆማ ጠራቻቸው፤ በእጇ አንድ ቀሚስ ይዛለች። ልጃቸው ውዳሴ ለፋሲካ የለበሰችው ባለ ጥልፍ ቀሚስ ነው።

"አባ፣ ውዳሴ ይህን ሰጠችኝ።"

"ታዲያ ምን አለበት? ደግ ልጅ ናት።"

"ጫማዋንም ሰጥታኛለች። ስልኳንም። 'ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፤ እናቴን አደራ' አለችና አቅፋኝ አለቀሰች። አባ፣ እኔ ፈራሁ።"

ቄስ ገነነ ጅራፉን መቼ እንደጣሉት አያውቁም። እየሮጡ በጆሯቸው የሚያቃጭለው የሚስታቸው የአቻምየለሽ ድምፅ ብቻ ነበር።

ውዳሴ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቡሬ ቤት ተከራይታ ስትማር ቆይታ፣ በጸጥታው ችግር ትምህርቱ ሲቋረጥ ፍራሿን ጠቅልላ ወደ ገጠር ተመለሰች። ከጥር ወዲህ ሰው ሸሸች። ሌሊት አትተኛም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ በዘጠኝ ሰዓትም ሁለት ጉርሻ ብትጎርስ ነው። ቄስ ገነነ ይህን አይተው ምን አሉ? "ልጄ ልትመንን ነው" አሉ! በሰንበቴው ፊት ሳይቀር ተናገሩት። ሰዉም "የተባረከ ማኅፀን!" እያለ አመሰገነላቸው፤ ደስ አላቸው። ፋሲካ ደርሶ አገር ሁሉ ሲፈታ ውዳሴ አልፈታችም። አቻምየለሽ ያን ጊዜ ነው የተቆጣችው።

"በሃምሳው ማን ይጾማል? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም ብለው የሚያስተምሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ነፍስ በፍቅር ስትነድ ቀን አትቆጥርም።"

"እኔስ የሚታየኝ ነፍስ አይደለም። ከስታ ከስታ ልታልቅ የደረሰች ልጄ ናት የምትታየኝ።"

እሳቸውም "የሴት ነገር!" ብለው አለፉት። አይ ቄስ ገነነ! ዳዊቱን በቃላቸው የሚያነበንቡት ሰውዬ የገዛ ልጃቸውን ፊት ማንበብ አቃታቸው።

ቤት ሲደርሱ በሩ ገርበብ ብሏል። አቻምየለሽ ገበያ ሄዳለች።

"ውዳሴ! አንቺ ውዳሴ!"

 ጓዳውን አዩ፤ በረቱን አዩ፤ የጎተራውን ጀርባ አዩ። የውዳሴ መደብ ተጠርጎ፣ ብርድ ልብሷ ጥግና ጥጉ ገጥሞ ታጥፎ ተቀምጧል። መንገድ የሚሄድ ሰው ነው እንዲህ የሚያጥፈው። ግድግዳውን ያዙ። ጸሎት ሁሉ ጠፋባቸው፤ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ከማለት በቀር አንድ ቃል አልመጣላቸውም።

አሮጊቷ ዓባይነሽ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ። "ልጅዎን ከሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትሄድ አይቻታለሁ። ልትሳለም ነው መሰለኝ። እንዴት ያለች ልጅ ሰጠዎት እቴ!"

ምስጋናው እንደ እሾህ ወጋቸው። እንደገና ሮጡ።

ውዳሴ ከመቃብሩ ስፍራ፣ በአያቷ መቃብር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ትተነፍሳለች። ቄስ ገነነ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ማለቱን። ሊጮኹባትም፣ ሊመቷትም፣ ሊያቅፏትም ፈለጉ። ከአጠገቧ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

"እርሻውን ትተው መጡ?" አለች ሳታያቸው።

"ቀሚስሽን ለምን ሰጠሽ?"

ከመቃብሩ ላይ ሣር መንቀል ጀመረች። ቄስ ገነነ የስንቱን ሰው ንስሐ ሰምተዋል፤ ያችን አንድ ጥያቄ ከአፋቸው ማውጣት ግን አቃታቸው። የሞትን ስም ከጠሩት የሚመጣ መሰላቸው። የነጠላዋን ጫፍ ያዙ።

"ልትሞቺ ነው ወይ የምታስቢ?"

"አዎ" አለች። "ዛሬ።" ቀጥላም ስለ ዝናብ እንደሚጠይቅ ሰው፣ "አባ፣ ብሞት ይፈቱኛል?" አለቻቸው።

 ባለፈው ዓመት ራሱን ያጠፋ ልጅ እናት ፍትሐት አድርጉልኝ ብላ እግራቸው ላይ ስትወድቅ፣ ሥርዓት አይፈቅድም ብለው ፊታቸውን ያዞሩት ራሳቸው ቄስ ገነነ ናቸው። ውዳሴ ያኔ ቆማ ታይ ነበር።

"ስለ ፍትሐት አትጠይቂኝ። ኑሪልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ኑሪልኝ ብቻ።" እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። "እኔ ጾም መስሎኝ ነበር ልጄ።"

"ጾም አልነበረም። እህሉ አልወርድ እያለኝ ነው። ውስጤ ጨለመብኝ። አሞኛል ልል ስል ሰዉ ሁሉ ያመሰግነኛል፤ እርስዎም ደስ ይልዎታል። አፈርኩ።"

ከዚያ ወዲያ እጇን አልለቀቁም። ተከትላቸው የመጣችውን ያምሮትን ወደ አቻምየለሽ ላኩ፤ መልካሙ በሬዎቹን እንዲፈታ አስነገሩ። ባጃጅ ይዘው ቡሬ፣ ከቡሬ በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም እንዳለ ሰምተው ነበር። መንገዱ ደግነቱ ያን ቀን ክፍት ነው። ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ በቆመ ቁጥር ቄስ ገነነ የውዳሴን እጅ ጥብቅ ያደርጋሉ። "አባ፣ አመመኝ" ብትላቸው ትንሽ ላላ ያደርጉና መልሰው ይጨብጣሉ።

ሆስፒታሉ ካርድ ማውጫ ፊት ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ መካከል እግሩን በፋሻ የጠቀለለ ሰው ተነሣ፤ የሰንበቴው ማኅበር ሙሴ፣ መሪው ታከለ ነው። ከሰው ሁሉ እሱ!

"አባ፣ ይፍቱኝ! ምነው በደኅና? መናኟን ምን ነካብን?"

"ጨጓራዋን ነው።" አፋቸው ቀደማቸው።

"ጾሙ ነዋ!" ታከለ ወደ ሰልፉ ዞረ። "ይህች ልጅ እኮ በሃምሳው እንኳ የምትጾም ናት! እንዲህ ያለች ልጅ የት ትገኛለች?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንዲት ሴት "ጸሎትሽ ይድረሰን" አለች። ውዳሴ አንገቷን ደፋች። ቄስ ገነነ በጨበጡት እጅ ውስጥ ጣቶቿ ሲዝሉ ተሰማቸው፤ እስካሁን እሷም ይዛቸው እንደነበር ያወቁት ገና አሁን ነው። ፍርሃቱ እንደ አዲስ ወረራቸው።

ተራቸው ደረሰ። ካርድ የምታወጣዋ ወጣት ቀና አለች።

"የታማሚዋ ስም?"

"ውዳሴ ገነነ።"

"ጨጓራ ነው አይደል አባ? ሲሉ ሰማሁ።" መልስ ሳትጠብቅ ጻፈችው።

ቄስ ገነነ ጽሑፉን በመስኮቱ አሻግረው አዩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ በየሰንበቱ ለሰው የሚሉት ነው። በራስ ሲመጣ ግን ምላስ ይታሰራል። ነገ ታከለ አገር ይገባል፤ ሰንበቴው ይሰማል፤ የቄሱ ልጅ አበደች ይባላል። ይህም አስፈራቸው። የጨጓራ ሽሮፕ ይዘው ልጃቸውን ወደዚያ ወደ ታጠፈው ብርድ ልብስ መመለስ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ አስፈራቸው።

"ሰርዢው ልጄ።"

"ምኑን አባ?"

"ጨጓራውን። ልጄ መሞት ትፈልጋለች። የአእምሮ ሐኪም ነው የምንፈልገው፤ ዛሬውኑ። ጾም አልነበረም፤ ሕመም ነው። እኔ አባቷ ነኝ በሕመሟ ሳስመሰግናት የከረምኩት።"

 ታከለ እያነከሰ ቀረብ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ።

"አባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ሰው ይሰማል እኮ!" አለ በሹክሹክታ።

"ይስማ" አሉ ቄስ ገነነ፣ በቅዳሴ ድምፃቸው። ከዚያ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብለው ለውዳሴ ቦታ ለቀቁላት። "ነይ ልጄ፤ የቀረውን አንቺ ንገሪያት።"