የሰው ኮት

«እኔን የሚሸውድ ሰው ገና አልተወለደም!» አለች ራዳር፣ የአክስቷን ቦርሳ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ከአውቶቡስ እየወረደች። «ያ ሰውዬ ሆን ብሎ ነው የተጠጋኝ። ዓይኑ ቦርሳው ላይ ነበር።»

«ዓይነ ስውር ነው እኮ ሰውዬው» አለች አክስቷ።

«ማስመሰል ይችላል።»

ራዳር ያሏት የሰፈሩ ባለሱቆች ናቸው። በአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል፣ በመንገዱ የምታልፍ ድመት እንኳ አታመልጣትም። ትምህርቷን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የጣለችው። ለምን ሲሏት «አስተማሪው የሚያውቀውን ሁሉ ጨረስኩበት» ትላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ የአክስቷ ቤት ቤቷ፣ የአክስቷ ሥራ ሥራዋ ነው።

ሰሞኑን ግን አክስቷን ራሷን መጠርጠር ጀምራለች። መጀመሪያ ጉርድ ፎቶ አስነሳቻት። «ለምን?» ብትላት «መልክሽ እንዳይጠፋኝ» ብላ ሳቀች። ቀጥሎ በስልክ «ልጅቷን ይዣት እመጣለሁ» ስትል ሰማቻት። ለማን? ወዴት? ዛሬ ጠዋት ደግሞ «የድሮ ኮሌጄ ጠርቶናል» ብላ ተነሣችና ከመስቀያው አውርዳ የለበሰችው የራሷን ኮት አይደለም። የደንበኛዋን ነው። የባንክ ሥራ አስኪያጅዋ ለልጇ ሠርግ ያሰፋችውን፣ ነገ መጥታ የምትወስደውን አዲስ ኮት!

«የሰው ኮት ለብሰሽ ልትሄጂ?» ብላ ጮኻ ነበር ራዳር።

«ትከሻው ይቀመጥ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።»

«ትከሻ ለማየት አውቶቡስ ይሳፈራሉ እንዴ?»

«ቦርሳውን ያዢና ዝም በይ።»

የልብስ ስፌት ኮሌጁ በር ላይ ሽርጥ ያሰሩ ሁለት ተማሪዎች የሚገቡትን ሴቶች ኮት እየተቀበሉ ክንዳቸው ላይ ይከምራሉ። ቁጥር የለ፣ ደረሰኝ የለ።

«ወረቀት አትሰጡም?» አለች ራዳር።

«የምን ወረቀት?»

«የመረከቢያ ነዋ! ቢጠፋ ማንን አንቀን እንይዛለን? አንቺን?»

ተማሪዋ አክስቷን ቀና ብላ አየቻት። አክስቷ ኮቱን አወለቀች፣ ሰጠቻት፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ሁለቱም ዞረው ራዳርን አዩና ፈገግ አሉ። ራዳር ያን ፈገግታ አልወደደችውም። ሰው እንዲህ ፈገግ የሚለው ከኋላሽ የሆነ ነገር ሲደረግ ነው።

ግቢው ውስጥ ሽበት ያወጡ ሴቶች እንደ ሕፃን እየተንጫጩ ይተቃቀፋሉ። አክስቷን «ቁንጫ! ቁንጫዬ መጣች!» እያሉ ከበቧት። እሷም ራዳር ሰምታው በማታውቀው ቀጭን ድምፅ ትስቃለች። ኮሪደሩ የስፌት መኪና ዘይትና የካውያ እንፋሎት ይሸታል። አክስቷ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ትሄዳለች፤ ልክ የራሷን ቤት በጨለማ እንደምትሄድበት። ልጅ ይዛ መምጣቷንም የረሳች ትመስላለች።

«ጥሩ» አለች ራዳር በልቧ። «እሷ ትርሳ። እኔ ኮቱን ልከተል።»

በሕንፃው ጀርባ ዞራ በአንድ መስኮት አጮለቀች። ኮቶቹ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። የበሯ ተማሪ የሥራ አስኪያጅዋን ኮት ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምላጭ ይዛ፣ ትከሻው ላይ ስፌቱን ጥርቅ ጥርቅ ታደርጋለች። የግራ እጅጌው ወለቀ።

ራዳር በሩን በእግሯ ከፍታ ገባች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እጅጌ እየፈታሁ» አለች ተማሪዋ፣ ምንም ሳይመስላት።

«ማን ፍቺ አለሽ?»

«ልማዱ ነዋ፣ የመጣ ሁሉ...»

ራዳር ልማዱን ለመስማት አልቆመችም። ኮቱን በአንድ እጇ፣ እጅጌውን በሌላው መንጭቃ ሮጠች። ከኮሪደሩ ጫፍ ባዶ ክፍል አገኘችና በሩን ወንበር አስደገፈችበት። ነገ ሥራ አስኪያጅዋ መጥታ እጅጌ የሌለው ኮት ብታገኝ አገር ይያዝልኝ ትላለች። ከዚያ በኋላ አክስቷን አምኖ ጨርቅ የሚሰጥ ደንበኛ አይኖርም። ደንበኛ ከሌለ ደግሞ ቁልፍ ተካይ ለምን ያስፈልጋል? ያን ጊዜ ፎቶውም ስልኩም ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ራዳርን ጠቅልሎ ወደማታውቀው ሰው ቤት።

ጥግ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ቆሟል። አክስቷ ከቁልፍ አሳልፋ እጅጌ አስነክታት አታውቅም። ስትሰፋ ግን ስንቴ አይታታለች!

«ዓይን ያየውን እጅ ምን ያቅተዋል?» አለችና ተቀመጠች።

መኪናው እሺ ባይ ነበር። እጅጌውን ከቀዳዳው ጋር ገጥማ፣ ምላሷን ከከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጋ ሰፋችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ኮቱን አጣጥፋ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችና እንደ ዳኛ ተንጎማልላ ወደ አዳራሹ ገባች።

ሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። እያንዳንዷ የራሷን ኮት ጭኗ ላይ ይዛ፣ አንድ እጅጌ በእጇ ትሰፋለች። በእያንዳንዷ አጠገብ አንዲት ተማሪ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ምሳው በወዲያ በኩል ተከድኖ ይጠብቃል። ባዶ እጇን የተቀመጠች አክስቷ ብቻ ናት። አጠገቧ ያለው ወንበርም ባዶ ነው።

«አክስቴ ተነሺ፣ እንሂድ! እጅጌውን በምላጭ ሲቀድዱት ደረስኩባቸው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አክስቷ ብቻ አልሳቀችም።

«እንደሚፈቱት አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ተመልሶ የመጣ ሁሉ አንድ እጅጌው ይፈታል። ቁጭ ብሎ መልሶ ይሰፋል፣ ተማሪዎቹ እጁን ያያሉ። ሁሉም ሳይጨርስ ምሳ አይነካም። የዚያ ኮት ትከሻ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ የድሮ መምህርቴ ያዩልኝ ብዬ የግራውን ላላ አድርጌ ሰፍቼ አመጣሁት።»

የራዳር ጆሮ ጋለ። ግን አልተረታችም።

«ፎቶውስ? ‹ልጅቷን ይዣት እመጣለሁ› ያልሽውስ?» ድምጿ መሐል ላይ ተሰበረባት። «ለማን ልትሰጪኝ ነው?»

አክስቷ ባዶውን ወንበር መታ መታ አደረገችው።

«ለዚህ ነው የምሰጥሽ። ጠዋት ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት ሱቅ፣ ማታ ቤትሽ። ፎቶው ለመመዝገቢያሽ ነው። አምስተኛ ክፍል ይበቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ይበቃል አሉኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

ራዳር አሰበች። «አልመጣም ነበር» አለች።

በሩን አየች፤ ክፍት ነው። ወንበሩን አየች፤ ያረጀ ነው፣ አንድ እግሩም ያጠረ ይመስላል። ሊጥለኝ ይችላል ብላ ጠረጠረችው። ከዚያ ሄዳ ተቀመጠችበት። ወንበሩ ተንገዳገደ እንጂ አልጣላትም።

«እሺ፣ እማራለሁ» አለች አገጯን ቀና አድርጋ። «ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን ማንም አይሸውደኝም። እጅጌውንም ሰፍቼላችኋለሁ። ምሳው ይቅረብ።»

ከጠረጴዛው ራስ የተቀመጡት አሮጊቷ መምህርት መነጽራቸውን አስተካክለው ለአክስቷ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። አክስቷ ተነሥታ ኮቱን ለበሰችው። የቀኙ እጅጌ ቀጥ ብሎ ወረደ። የግራው ግን ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ ከጀርባ የቆመ ሰው ኪስ የሚዳብስ የሌባ እጅ መሰለ።

መምህርቷ ምላጩን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርገው ወደ ራዳር አስጠጉላት።

«እውነትሽን ነው ልጄ፣ አንቺን ማንም አይሸውድሽም» አሉ። «የእጅጌውን ፊት ለኋላ ያደረግሽው ራስሽ ነሽ። በይ ፍቺው፣ ርቦናል።»