የልጄ የሽንት ጨርቅና አፈር የተነፈጋት አገር

ፀሐይ ከጋራው ጀርባ ወርዳ፣ የሰፈራችን ጭስ ከጣራ በላይ እንደ አሮጌ ጋቢ በተንጠለጠለበት በዚያ ምሽት፣ ልቤ በሁለት ሐሳብ መካከል ተወጥራ መቆሚያ አጥታ ነበር። ነገሩ ለሰሚው ቀላል፣ ለባለቤቱ ግን ከባድ ነው። ባለቤቴ ባንቺአምላክ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ ገና ክርስትና አላነሣናትም። ሕፃኒቱ ፍሬሕይወት ደግሞ ከጭኗ መሐል እስከ እንብርቷ ሥር ቆዳዋ ተልጦ፣ ሥጋዋ ቀልቶ፣ ሽንቷ በነካት ቁጥር ድምፅዋ እስኪዘጋ ታለቅሳለች። ከሱቅ የምንገዛው፣ አንድ ጊዜ ታስሮ የሚጣለው ዳይፐር አፍኖ እንዳቃጠላት እናቷ ካወቀች ሰንብታለች። ስለዚህ በዚያ ቀን የሙሽርነቷን ነጭ አንሶላ በመቀስ ቆርጣ፣ ጠርዙን በመርፌ ለቅማ፣ የሽንት ጨርቅ አድርጋ አልጋው ላይ ደረደረችና እንዲህ አለችኝ፦

«ከአሁን ጀምሮ የማስርላት ይኸን ነው። ግን ብቻዬን አላጥብም። አራስ ነኝ፣ ወገቤ ገና አልጠናም። አንተም ታጥባለህ።»

«እኔ? ግቢ መሐል፣ ቧንቧው ሥር?»

«ቧንቧው ያለው እዚያ ነው። ነቅዬ ጓዳ አላስገባልህ።»

«ሰው ምን ይላል ባንቺ?»

«የልጅህ ቂጥ ነው የሚበልጥብህ ወይስ የጎረቤት አፍ?»

የቤቱ ባለቤት እትዬ ተዋበች ከደጅ ሆነው ሲያዳምጡ ኖሮ፣ ሳይጠሩ ብቅ አሉ። «ኧረ ልጄ፣ እኛ በዚያ ጨርቅ ጣታችን አልቆ፣ እናንተን የሚገላግል ሥልጣኔ ሲመጣላችሁ ወደ ኋላ ልትመለሱ? ወንድ ልጅ የሽንት ጨርቅ ታቅፎ ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ካለማ፣ እኔም ነገ ሱሪ ታጥቄ ሸንጎ እሄዳለሁ» አሉና ሣቁ። እኔም አብሬያቸው ሣቅሁ። ባንቺአምላክ አልሣቀችም። እሳቸው እስኪወጡ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እስከ ጠዋት ቁረጥ። እምቢ ካልክ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ» አለችኝ። የባንቺአምላክን ጠባይ አውቃለሁ፤ ጩኸቷ አያስፈራም፣ ዝግ ብላ የተናገረችው ግን ይፈጸማል።

በእውነቱ ዳይፐሩን በፌስታል ቋጥሬ፣ ሲመሻሽ ከሰፈሩ በታች ባለው ገደል የምወረውረው እኔው ነኝ። ከእጄ ከወጣ ወዲያ የት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ውሻ ከገደሉ ጎትቶ አውጥቶ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ከቄሱ እግር ሥር ጣለው። በሰፈሩ አራስ ያለበት ቤት የእኛ ብቻ ስለሆነ፣ ለቀስተኛው ሁሉ በእንባ የቀላ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ይህን ኀፍረትና ያንን የቧንቧ ሥር ኀፍረት በሐሳቤ ሚዛን እያነሣሁና እየጣልሁ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ደፉ ላይ እንደተቀመጥሁ፣ የልጄ ልቅሶ እየራቀ እየራቀ ሄደና እንቅልፍ ጣለኝ።

እነሆም በአንድ ታላቅ ተራራ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ተራራው ድንጋይ የለውም፣ ሣር የለውም። እግሬን ባሳረፍሁ ቁጥር እንደ ጭቃ ሳይሆን እንደ እብጠት ወደ ውስጥ ይገባና መልሶ ይገፋኛል። ቀለሙ በአንድ ወቅት ነጭ የነበረ፣ አሁን ግን የታመመ ሰው ዓይን የመሰለ ነው። ዝቅ ብዬ ስመለከት፣ ከእግሬ ሥር እስከ ሰማይ ዳርቻ የተዘረጋው ሁሉ ዳይፐር ነበር፤ የተጠቀለለ፣ የተዘረገፈ፣ የፈነዳ፣ ከሆዱም እንደ ዓሣ እንቁላል ያለ ዝልግልግ ነገር የሚያንጠባጥብ። ሰማዩ ደመና አዝሎ ነበርና ያን ጊዜ ዝናብ ጣለ። ነገር ግን አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ታች አልፈሰሰችም። ክምሩ በሺህ አፉ ጠጣው፤ በጠጣም መጠን አበጠ፤ ተራራውም ከፍ አለ። ከሩቅ ሰዎች እንስራቸውን ይዘው ዝናቡን ሲሻሙና ባዶአቸውን ሲመለሱ አየሁ።

«ተነሥ፣ አንተ ባለ ጋቢ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ስዞር አንዲት ጎባጣ አሮጊት በምርኩዝ ተደግፋ ቆማለች። ነጠላዋ ከብዙ ቁራጭ የተጣፈ ነው፤ ፊቷ ግን ከዚያ በፊት የማውቀው፣ የት እንዳየሁት ያልመጣልኝ ፊት ነበር።

እጅ ነሥቼ፣ «እማማ፣ ይህች አገር ማን ትባላለች?» አልኋቸው።

«ስም ነበራት። ስሟን የሚያውቁት ሞተዋል። የሞቱትም አልተቀበሩም» አሉኝ፤ ምርኩዛቸውንም ወደ ፊት ቀስረው መራመድ ጀመሩ።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ከሲታ ሰው በጎናችን ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «አፈር ያድርግህ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ምን በደልሁትና ይረግመኛል ብዬ ልመልስለት ስል አሮጊቷ ክንዴን ያዙኝ። «ዝም በል፤ መርቆህ ነው። እዚህ አገር አፈር መሆን የነገሥታት ዕድል ነው» አሉ። እኔም ስድ እንዳልባል ፈጥኜ፣ በአገሬ ወግ፣ «መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» ብዬ መረቅሁት። ሰውዬው ቆመ። ፊቱ ጠቆረ። ከዚያም እግሬ ሥር ተፋ።

«ከዚህ በላይ ሊያለሰልስልኝ ነው?» አላቸው ለአሮጊቷ። «ሚስቴ ትናንት መንገዱ ለስልሶላት እስከ አንገቷ ሰጠመች። ይህን ከየት ነው ያመጡት?»

«ከዚያው፣ ከሚጥሉት ዘንድ» አሉት።

«ይታወቃል» አለና ሄደ።

ያፈርሁትን ኀፍረት ሳልጨርስ፣ ጥቂት ሰዎች ትንሽ ቃሬዛ ተሸክመው ከወዲያ ወዲህ ሲንከራተቱ አየሁ። ከፊታቸው አንዲት ወጣት እናት በሁለት እጇ ክምሩን ትቧጥጣለች። አንዱን ትነቅላለች፤ ሥሩ ሌላ አለ። እሱንም ትነቅላለች፤ ሥሩ ሌላ አለ። ጥፍሮቿ ወልቀው ደም ይወርዳታል። ቃሬዛው ላይ ያለው ሕፃን ፊት ተገልጦ ነበር፤ የሚሸፍነው አላገኙም። የዕድሩ ዳኛ መሳይ ሽማግሌ ቆይቶ ቆይቶ፣ «በቃሽ እንግዲህ፤ ሌሎች ሁለት ሬሳዎች ይጠብቁናል» አላት። እርስዋም ሕፃኑን እዚያው፣ እብጠቱ ላይ አስቀመጠችው። ተራራው መልሶ ገፋው። ደግማ አስቀመጠችው። ደግሞ ገፋው።

«እማማ፣ አንድ እፍኝ አፈር እንኳ የለም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የሚበሰብስ ነገር ሲኖር አይደል አፈር የሚኖረው? እዚህ ምንም ነገር መሞት አልቻለም። በእኔ ልጅነት እናቶች፣ ‹አፈር ስሆን ጉረሺ› እያሉ ልጃቸውን ይለምኑ ነበር። አሁን ያን ቃል ከአፉ የሚያወጣ የለም፤ ውሸት ይሆንበታላ» አሉና ምርኩዛቸውን ክምሩ ውስጥ ሰክተው አንድ ፌስታል ጎልጉለው አወጡ። የፌስታል አፍ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም እኔ ነኝ። ፈቱት። በውስጡ ያለው ዳይፐር ትናንት የተጣለ ይመስል ነበር።

«ይኸ ሰባ ዓመቱ ነው» አሉ፤ «እኔም ሰባ ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ እማማ አትበለኝ። ‹አንቺ› በለኝ።»

«እንዴት ብዬ እማማ? ነውር ነው» አልሁ።

«የገዛ ልጁን አንቱ የሚል አባት የት አገር ነው ያለው?»

ፊቱን የት እንዳየሁት ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሲያለቅስ ጥዬው የተኛሁት ፊት ነበር። «ፍሬሕይወት?» አልሁ። «አንቺ» የሚለው ቃል በዚያ ሽበት ፊት ከአፌ አልወጣ ብሎ ታገለኝ። እርስዋ ግን አልታገለችም። «በወጉ እኔ ነኝ አንቱ ልልህ የሚገባኝ» አለች። «አልልህም። አንቱታ ለአጠበ አባት ነው። እናቴ በማግሥቱ አዝላኝ ሄደች። በእናቷ ቤት በዚያ ባልጠና ወገብ እያጠበች ጎብጣ ቀረች፤ አንተ ግን ቧንቧ ሥር ሳትቀመጥ፣ ክብርህ ሳይነካ ኖርህ። እንኳን ደስ አለህ።»

«ልጄ፣ መልሱ ካለ አሳዪኝ» ብዬ ለመንኋት። «መልሱን ከተራራው ማዶ አሳይሃለሁ፤ ደስ ይለኛል ብለህ ግን አትከተለኝ» አለችኝ።

ከማዶ ስንወርድ እግሬ አፈር ረገጠ፤ ቀይ፣ ሽታው ዝናብ ዝናብ የሚል አፈር። ከኮረብታ እስከ ኮረብታ ገመድ ተዘርግቶ፣ ነጫጭ የሽንት ጨርቆች እንደ ርግብ መንጋ በፀሐይ ይርገበገባሉ። ከቦዩ ዳር ወንዶች ብቻ ተሰልፈው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ እንዶድ እየወቀጡ ያጥባሉ። እጣቢው በጎመኑና በበቆሎው ሥር ይፈስሳል። ከወንዶቹ አንዱ ጎረቤቱን፣ «አንተ፣ የልጅህ ካካ ከአንተ ምክር ይሻላል፤ ቢያንስ ጎመን ያበቅላል» ሲለው ሌሎቹ ሲሥቁ ሰማሁ። ልቤ ሊያርፍ ሲል ልጄ በምርኩዟ ወደ ሸንጎው ገፋችኝ።

የዚያ አገር ሕግ አንድ ነበር፦ ልጁ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ፣ አባት ሁሉ ወደ ሸንጎ ከመግባቱ በፊት እጁን ለዳኛ ያስሸትታል። ዳኛዋ ጥርሷ የረገፈ ሴት ናት። በፊቷ አንድ መልከ መልካም ጎልማሳ ቆሟል። መዳፉን አሸተተችው።

«ሳሙናው ጥሩ ነው» አለች። «ጣትህ ግን አልተጨማደደም።»

«አጥቤ ነው የመጣሁት፣ እሜቴ።»

«እጅህን ነዋ። ጨርቁንስ ማን አጠበው?»

ጎልማሳው ዓይኑን ወደ ሚስቱ ወረወረ። ሚስቱ ቀና አላለችም፤ ውኃ የበላው ጣቷን ብቻ ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ለሕዝቡ አሳየች። ሕዝቡ ሣቀ፤ ደግ ሣቅ አልነበረም። ያልታጠበውን ጨርቅ እንዳለ በአንገቱ አሰሩለት። ቋጠሮውን ያጠበቀችው ሚስቱ ነች። ከዚያም ዳኛዋ ልጁ እስኪድህ ድረስ ማንም «አፈር ያድርግህ» እንዳይለው፣ በዚያ መካከል ቢሞትም ከማዶ ከእብጠቱ ላይ እንዲጣል ፈረደች። ጎልማሳው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰዎች እንዴት እንደሚያለቅስ እርስ በርስ እያስመሰሉ ሣቁበት።

«ይህ ጭካኔ አይደለም?» አልሁ ልጄን።

«ነው» አለችኝ። «ማዶ ያ ሕፃን አፈር ሲነፈግ ግን ማንም ጭካኔ ነው አላለም፤ ሬሳ ይጠብቀናል ብለው አለፉ። እዚህ ቢያንስ ጭካኔው ዳኛ አለው።»

ያን ጊዜ ዳኛዋ፣ «ምትኩ» ብላ በስሜ ጠራችኝ። እጄን ልዘረጋ ስል ልጄ ቀደመችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከሥሯም ውኃ በድንጋዩ ላይ ወረደ። «አርጅቻለሁ፤ ሽንቴ ሲመጣ አያስታውቀኝም» አለች። ሕዝብ እያየ፣ ሳታፍር፣ ከልብሷ ሥር አንድ እርጥብ ጨርቅ አውጥታ ዘረጋችልኝ። «እጠብ፣ አባባ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አባባ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። እጄም፣ እኔ ሳላዘው፣ የጋቢዬን ጫፍ አንሥቶ አፍንጫዬን ሸፈነ።

ማንም አልሣቀም። ዳኛዋ ፊቷን አዞረች፤ «ይህ ፍርድ አያስፈልገውም፣ መልሱት» አለች። ልጄ ጨርቁን አጣጥፋ በጉልበቷ ላይ አኖረችና፣ ዝግ ብላ፣ እንደ እናቷ፣ «አፈር አይንካህ» አለችኝ። በዚያ አገር ከዚህ የከፋ እርግማን የለም።

ነቃሁ። ጎሕ ቀድዷል። ባንቺአምላክ ሕፃኒቱን ታቅፋ፣ ጓዟን ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። የመጀመሪያው ጨርቅ ቆሽሾ ሳፋ ውስጥ ነበር። ሳፋውን ተሸክሜ ወጣሁና ቧንቧው ሥር ቁጢጥ አልሁ።

ሽታው ከሕልሙ አልቀለለም። አፍንጫዬን ሳልሸፍን ማሸት ጀመርሁ። ተከራዮቹ አንድ በአንድ በየበራፋቸው ቆሙ። እትዬ ተዋበች፣ «ኧረ ተው ምትኩ፣ ምን አዙረውብህ ነው?» አሉ። ከወዲያ ወዛደሩ ጎረቤቴ ንጉሤ፣ «ስትጨርስ የእኔንም ካልሲ» አለ፤ ግቢው ሁሉ ሣቀ።

«ንጉሤ፣ ሚስትህ ስንተኛ ወሯ ነው?» አልሁት። ሣቁን አቋረጠ። «ና ቁጭ በል። ትናንት ያየሁትን ልንገርህ። እትዬ፣ እርስዎም ይስሙ።»

ከተራራው ጀመርሁ። ያቺ እናት ሕፃኗን ደጋግማ ያስቀመጠችበት ጋ ስደርስ፣ እትዬ ተዋበች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ንጉሤም ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ጨርቁን ጨምቄ ወደ ብርሃኑ ሳነሣው፣ ባንቺአምላክ ከጓዟ አጠገብ ሆና ዓይኗን አጥብባ ተመለከተችው።

«አልለቀቀም» አለች። «ድገመው።»

ደገምሁት። ያየሁትንም፣ ቢሥቁም ባይሥቁም፣ በዚህ ግቢ ሳልወሰን በየሰፈሩ ቧንቧ ሥር ለሚቀመጡና ለማይቀመጡ አባቶች ሁሉ ልናገር፣ ርቀው ላሉትም ልጽፍ፣ እጄ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቁርጥ አደረግሁ።