ከግድግዳው ማዶ ያለው ጆሮ

የእህቴ ባል ጊታር ይሠራል። ደንበኞቹ በሌለበት «ጋሽ ገና» ይሉታል፤ «ደረሰ ወይ?» ሲባል ከ«ገና ነው» ሌላ መልስ አያውቅማ። ቫርኒሽ የምቀባው እኔ ነኝ፤ እሱ ካልጨረሰ ሥራዬ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ብሆን ማንም አይፍረድብኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን «ገና» የምትለው እህቴ ናት። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠሩት። እሱ የጊታሩን የፊት ጣውላ በመፋቂያ ያሳሳና በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል። እሷ ከስሱ ግድግዳ ማዶ፣ ወጥ ቤት ሆና፣ ጀርባዋን ሰጥታ ታዳምጣለች። እንጨቱን ካየች ዓይኗ ጆሮዋን ያታልለዋል ባይ ነው እሱ። «ገና» ካለች ይፍቃል፤ «ደረሰ» ካለች ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል አይነካውም። ጣውላው ሲሳሳ ድምፁ ይከፈታል፤ ከልክ ካለፈ ግን ክሩ ሲወጠር ይሰነጠቃል።

ይሄኛው ጊታር የራሷ ነው። ደህና ደህናው ስለሚሸጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ያልፈለገውን ስትጫወት ኖራለች። «ይሄ እንከን አይኖረውም» ብሎ ማለላት። መማል አልነበረበትም።

ስለ ጆሮዋ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐኪሙ ዘንድ አብሬያት ገብቻለሁ። ቀኙ ሄዷል፣ ግራውም እየተከተለው ነው፣ መመለሻ የለውም አለን። ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ለሱ ትንፍሽ እንዳትዪ። ካወቀ እጁ ይታሰራል።»

«ጊታሩስ?»

«ሳልደነቁር ይደርሳል።»

አልደረሰም። መጀመሪያ የማንቆርቆሪያውን ፉጨት መስማት አቆመች፣ ቀጥሎ የበሩን መንኳኳት። ከዚያ አንድ ቀን ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣ አገኘኋት። ግድግዳው ላይ ዕቃ የምንቀባበልባት ትንሽ መስኮት አለች፤ በሷ በኩል እጁን እያየች፣ አንጓው ሲያርፍ ጠብቃ «ገና» ትላለች። እሱ ዓይኑን ከእንጨቱ ስለማያነሳ አላስተዋለም። ይፍቃል። የሚረግፈው ፍቅፋቂ እንደ ዱቄት እየላመ ሄደ። ጣውላውን ወደ ብርሃን ሲያነሳው የጣቶቹ ጥላ በእንጨቱ ውስጥ ታየኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ ወደ ግራ ጆሮዋ ተጠጋሁ። «ልታሰነጥቂው ነው። ደረሰ በይው።»

«ሳልሰማው?»

«አዎ፣ ሳትሰሚው።»

«እንደ ድሮው አንዴ ጥርት ብሎ ይሰማኝ» አለች። «ሌላ አልለምንም።»

ልቆጣት አስቤ አቃተኝ። ሁለቱም እንከን የሌለውን ድምፅ ሲጠብቁ ያለውንም ሊያጡት ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንኳኳ። «ገና» አለች። መፋቂያውን ሲያነሳ ቀና አለና በመስኮቷ ውስጥ ዓይኖቿን አየ። አቀርቅሮ እጁን አነሳ፣ አወረደ፤ አንጓው ግን ጣውላው ጋ ሊደርስ ለጥቂት ሲቀረው አየር ላይ ቆመ፤ ክፍተቱ ከመስኮቷ አይታይም።

«ገና» አለች እህቴ።

እኔ ብሩሼን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። እንደገና ሳያሳርፍ ሞከረ።

«ትንሽ ቀርቶታል» አለች።

መፋቂያውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከራርሟል ጋሼ።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ጣውላውን ከጊታሩ ሣጥን ጋር በሙጫ ገጠመው። ቫርኒሹን ሳነሳ «ይቅር» አለኝ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ሙጫው ሲደርቅ ክሩን ወጠረ። ወፍራሙ ክር ሲመታ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ዝዝ ይላል። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን በመጋዝ ቆርጦ ምድጃ ይከተው ነበር። አሁን ወስዶ ጭኗ ላይ አኖረው።

ፊቱን አይታ ማወቁ ገባት። «ገና ነው እኮ» አለች።

አገጯን በቀስታ ጊታሩ ላይ አሳረፈና ወፍራሙን ክር መታው። ጥርት ያለው ድምፅ አልደረሳትም። ዝዝታው ግን በአጥንቷ አልፎ ገባ፤ ዓይኖቿ ፈጠጡ።

«እንከን አለው» አለች። እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ሰማሁት። ደረሰ።»

ክሩ ከታሰረበት ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጥታለች። በየጠዋቱ ትንሽ ትረዝማለች። ግራ ጆሮዋም በየጠዋቱ ይደክማል፤ የትኛው እንደሚቀድም አናውቅም። እሷ ከነጋ ጀምሮ ትጫወታለች፣ እሱ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ስንጥቋን ያያል።

«ጋሼ፣ አትጠግነውም?» አልኩት ትናንት።

«ለመጠገን ክሩ ለቀናት መፈታት አለበት» አለኝ። «ተያት፣ ትጫወት።»